ያልተለወሰው ባቄላ ሥር

በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር፣ በፋግታ ለኮማ አካባቢ ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች በተዘጋጀ የአፈር ጤናና የአፈር ሥነ ሕይወት ሥልጠና ላይ ከአስተባባሪዎቹ አንዱ ነበርኩ። ጊዜውን መስከረም ላይ ያደረግነው ሆን ብለን ነው። ባቄላ ሲያብብ በሥሩ ላይ የሚወጡት ጥቃቅን እባጮች ሥራቸውን እየሠሩ መሆን አለመሆናቸው በግልጽ ይታያል። በእነዚህ እባጮች ውስጥ የሚኖረው ራይዞቢየም የተባለ ባክቴሪያ ከአየር ላይ ናይትሮጂን ወስዶ ለተክሉ ይመግባል፤ ተክሉም በምላሹ ስኳር ይሰጠዋል። እባጩ በጥፍር ሲሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ሥራው እየተሠራ ነው፤ ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ግን ባክቴሪያው ቤት ይዞ ያለ ሥራ ተቀምጧል ማለት ነው።

ብዙዎቹ ሥልጠናዎቻችን በአዳራሽ ተጀምረው በአዳራሽ እንደሚያልቁ የአደባባይ ምሥጢር ነው። በዚህኛው ቢያንስ አንዱን ቀን ለመስክ አስፈቅደን፣ ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በባክቴሪያ የተለወሰ ባቄላ ወዳለበት የአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ሠልጣኞቹን ይዘን ሄድን። ዓላማችን ስኬት ማሳየት ነበር። ባቄላው ግን ከሩቅ ሲያዩት እንኳ ቢጫ ነበር።

አሠልጣኙ ሳይደናገጥ ጥቂት ተክሎች ዙሪያቸው በአካፋ ተቆፍሮ ከነአፈራቸው እንዲነሡና በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ ተብለው እንዲታጠቡ አደረገ፤ በእጅ ጎትቶ የነቀለ ሰው እባጮቹን መሬት ውስጥ ጥሎ ባዶ ሥር ይዞ ይቀራልና። እባጮች ነበሩ፤ ነገር ግን ጥቂት፣ ትናንሽና ውስጣቸው ነጭ ነበር። ወዲያው ክርክር ተነሣ። አንዱ ባክቴሪያው የመጣበት ፓኬት ጊዜው ያለፈበት ነው አለ፤ ሌላው ፀሐይ አግኝቶት ይሆናል አለ፤ ሦስተኛው ከማዳበሪያ ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል ሲል ጠረጠረ። ሦስቱም በሌላ ቦታ ያጋጠሙ ጥፋቶች ስለሆኑ ጥርጣሬው ተገቢ ነበር። የማዕከሉ ሠራተኛ ግን ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ፤ የፓኬቱ ቀን አላለፈም፣ ዘሩ በስኳር ውኃ ጥላ ሥር ተለውሷል፣ በዚያው ቀንም ተዘርቶ አፈር ለብሷል። እንዲህ መዝግቦ የሚይዝ ሠራተኛ በየጣቢያው ቢኖር ግማሹ ክርክራችን ይቀር ነበር።

በዚህ መሐል ማሳቸው ከማዕከሉ ጋር የሚዋሰን አንድ አዛውንት ቆመው ያዳምጡን ነበር። «እስቲ የኔንም እዩልኝ፤ እኔ ምንም ያሸሁት ነገር የለም» አሉን። የእሳቸውም ባቄላ በአብዛኛው ቢጫ ነበር፤ ከማሳው በአንዱ ጥግ ግን ክብ ሆኖ የተከለለ የሚመስል፣ ጥቁር አረንጓዴና ከሌላው ቁመቱ የላቀ ባቄላ ቆሟል። አንዲት ሠልጣኝ «አባባ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምን አድርገውበት ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። «ምንም አላደረግሁም፤ ዲከረንሱን ቆርጠን ከሰል ያከሰልነው እዚያ ላይ ነበር» ሲሉ መለሱላት።

አካባቢውን ለማያውቅ አንባቢ ይህ መልስ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል። በዚህ ደጋ የሚወርደው ብዙ ዝናብ ካልሲየምና ማግኒዥየም ከአፈሩ አጥቦ ይወስዳል፤ ገለባውና እበቱም ከማሳ ወጥቶ አይመለስም፤ ለዓመታት የሚጨመረው ዩሪያም አሲዳማነቱን ያባብሰዋል። እህል አልሰጥ ካለው መሬት ብዙው ከአውስትራሊያ በመጣው የዲከረንስ ግራር ተሸፍኗል። ዛፉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለከሰል ይደርሳል፤ ከተቆረጠ በኋላ መሬቱ እንደገና ለእህል ይታረሳል። የከሰሉ ክምር የነደደበት ቦታ ላይ አመድና የከሰል ድቃቂ ይቀራል።

ከክቡ ውስጥ የተነሣው ሥር በእባጭ ዘለላ ተሸፍኖ ነበር፤ ሲሰነጠቅም ውስጡ ቀይ ሆኖ ተገኘ። በቀለም በሚነበበው የመስክ መለኪያ የማዕከሉ አፈር ፒ ኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዳማነቱ የሚበዛ መለኪያ) ከ5 በታች፣ የክቡ ደግሞ አመዱ አሲዱን ስላረገበው ከ6 በላይ ነበር። በፒ ኤች መለኪያ የአንድ ቁጥር ልዩነት አሲዳማነቱ አሥር እጥፍ ተለየ ማለት ነው። ፒ ኤች ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ የሥሩን ጫፍ ይጎዳል፣ ፎስፈረስ ይታሰራል፤ ባክቴሪያው ናይትሮጂን ለመያዝ የግድ የሚያስፈልገው ሞሊብዲነም የተባለ ንጥረ ነገርም ያጥረዋል። እንዲህ ባለው አፈር ባክቴሪያን በፓኬት ገዝቶ መጨመር ብቻውን አይበቃም።

የዕለቱን ከባድ ጥያቄ ያነሣችው ያችው ሠልጣኝ ናት፤ እሳቱ አፈሩን አቃጥሎ ከነበረ በውስጡ የነበረው ባክቴሪያ ሁሉ አልቆ መሆን አለበት፤ ታዲያ ይህ ከየት መጣ? አሠልጣኙ መልሱን ከዙሪያው ማሳ ጀመረ። ባቄላ በኖረበት አገር የአፈሩ የራሱ ራይዞቢየም ቁጥሩ ቢመናመንም ጨርሶ አይጠፋም፤ በጎርፍ፣ በማረሻና በበሬ ኮቴ ከሚመጣ አፈር ጋር ይገባል፤ ተስማሚ አፈርና የባቄላ ሥር ሲያገኝም በአንድ ክረምት ይራባል።

ከዚያ በኋላ ከሠልጣኞቹ ገሚሱ «አመድ ይጨመር» የሚል ምክር ወደ ቀበሌው ይዞ ለመመለስ ተነሥቶ ነበር። እኔም እንደ አሠልጣኙ ይህን አልደገፍኩትም። በዚያች ክብ ላይ የተጠራቀመው ከብዙ ዛፍ የወጣ አመድ ነው፤ አመድ አሲድን የማርገብ አቅሙ ከኖራ ያነሰ ስለሆነ ለአንድ ሄክታር የሚበቃ አመድ ፍለጋ ደን ማቃጠል አይታሰብም። የምድጃ አመድ ከሚደፋ ለጓሮ ባቄላ ቢውል መልካም ነው፤ ለሰፊው ማሳ ግን ኖራ ያስፈልጋል፤ በሙሉ መጠን ለማጓጓዝ ገንዘብ ለሚያጥረው ደግሞ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት በመስመር መጨመር ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፓኬቱ የሚከፈተው።

በመጨረሻው ቀን ድኅረ ፈተና ተሰጠ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «የባቄላ ዘርን በባክቴሪያ መለወስ ምርትን ይጨምራል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚል ነበር። በቅድመ ፈተናው ሁሉም «እውነት» ብለው ሙሉ ነጥብ አግኝተውበታል። አሁን ግን ብዙዎቹ ባዶ ተዉት፤ አንዱ በኅዳጉ ላይ «ፒ ኤቹ ስንት በሆነ መሬት?» ብሎ ጻፈ። ውጤቱ ቀንሶ ሪፖርት ስንልክ፣ ሥልጠናውን ከሚደግፈው አካል የቀነሰው ቁጥር የትየባ ስህተት እንደሆነ ተጠየቅን። ስህተት እንዳልሆነ አስረድተን፣ በጥያቄው ምትክ እያንዳንዱ ሠልጣኝ ከማሳ አንድ ሥር አንሥቶ የሚመረምርበት የተግባር ፈተና እንዲገባ ጻፍን። ፈተናው ጸድቋል፤ ወደ ማሳው የሚያደርሰው መኪና ነዳጅ ግን በበጀቱ ውስጥ አልተያዘም።