የቅዳሜ ማታ ተረኛ

ዛሬ ተረኛ ነበርኩ። ኒው ዮርክ ያለው ክሊኒካችን ቅዳሜ ማታ ዝግ ነው፣ ስልኩ ግን አይዘጋም። አንዲት እናት ደወሉ። ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል። የባልደረባዬ ታካሚ ስለሆኑ አላውቃቸውም። ሌላ መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው "ምንም የለም ዶክተር" አሉኝ።

ላፕቶፔን ከፍቼ በቪፒኤን (ከቤት ሆኖ በሚስጥር በሚያገናኝ መስመር) ወደ ክሊኒኩ ሲስተም ገባሁ። የመድኃኒት ዝርዝራቸው ላይ ዋርፋሪን የሚባል ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አለ። ለዚህ ሕመም ከሚታዘዙት አንዱ ኮትሪሞክሳዞል ነው፤ ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ግን ደም ከልክ በላይ ቀጥኖ መድማት ሊያመጣ ይችላል። መልሼ ስጠይቃቸው "እሱማ የልቤ ነው፣ ሁሌም የምውጠው!" አሉ። በኮትሪሞክሳዞል ፋንታ ሴፋሌክሲን የሚባል ሌላ አንቲባዮቲክ መረጥኩላቸው። ማዘዣው ወዲያው ሰፈራቸው ፋርማሲ ደረሰ። ለሰኞም የደም ምርመራ አዘዝኩ።

እዚህ ስቴት ከ2016 ጀምሮ ማዘዣ በኤሌክትሮኒክ መላክ ግዴታ ነው፣ ጥቂት ነገሮች ሲቀሩ። እንደ ሞርፊን ላሉት ደግሞ የይለፍ ቃል ብቻ አይበቃም፤ የጣት አሻራ ወይም ለብቻው የሚመጣ ኮድ ይጨመርበታል። ባልደረቦቼ ይሰለቹበታል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የማደርገው። በስሜ ሌላ ሰው ሞርፊን እንዲያዝ አልፈልግም።

ሀገር ቤት ስሠራ የታካሚው ታሪክ ያለው ካርድ ክፍል ነበር። እሱ ከተቆለፈ ያለን የታካሚው ቃል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው የኤሌክትሮኒክ ሲስተም እዚያም ቶሎ እንዲስፋፋ ከልቤ እመኛለሁ።

እስከዚያው እባካችሁ፣ እናትና አባቶቻችሁ የሚወስዱትን መድኃኒት ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። የዘወትሩንም ጭምር።