«ፓስ» አለ፤ ግን ምኑን ፈተነ?

የኢንጂንኤክስ (የዌብ ሰርቨሩ) ኮድ ላይ እጁን የሚያስገባ ሰው ቴስቱን ከማስኬዱ በፊት ይህን ቢያነብ ደስ ይለኛል። ለእኔ የነገረኝ አልነበረም።

አጀማመሩ ቀላል ነው። ቴስቶቹ በፐርል የተጻፉ ናቸው፤ የራሳቸው ሪፖዚተሪ አላቸው። ክሎን ታደርጋለህ፣ ሰርቨሩን ኮምፓይል ታደርጋለህ፣ ባይነሪው (ኮምፓይል ተደርጎ የወጣው ፕሮግራም) የት እንዳለ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ትናገራለህ። ከዚያ ፕሩቭ የሚባለውን የፐርል መሣሪያ ታስነሳለህ። እያንዳንዱ ቴስት የራሱን ኮንፊግ ጽፎ እውነተኛ ሰርቨር ያስነሳል፣ ጥያቄ ይልካል፣ መልሱን ያያል።

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። የቀየርኩት የኤችቲቲፒ 2ን (ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን ፕሮቶኮል) ኮድ ነበር። የቢልድ ስክሪፕቱን ያዘጋጀው ባልደረባዬ «ፓስ ካለ መርጅ አድርገው» አለኝ። ፓስ አለ። ግን ፍጥነቱ አላማረኝም። የኤችቲቲፒ 2ን ፋይል ከፈትኩና መሃሉ ላይ ዝባዝንኬ ጻፍኩበት። ሜክ ብዬ እንደገና ኮምፓይል አደረግኩ፤ ምንም አላለም። ቴስቱን አስኬድኩ። አሁንም ፓስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴስቱ ሲጀምር የሚያስፈልጉትን ሞጁሎች (የሰርቨሩን ክፍሎች) ይዘረዝራል። የቴስቱ ላይብረሪ ደግሞ ባይነሪውን በምን ምርጫዎች እንደተሠራ ይጠይቀዋል። ሞጁሉ ከሌለ ቴስቱ ስኪፕ ይደረጋል፤ ይዘለላል ማለት ነው። ፕሩቭ ስኪፕን እንደ ውድቀት አያየውም። ይባስ ብሎ የተዘለለውንም ፋይል መጨረሻ ላይ በሚያወጣው የፋይል ቁጥር ውስጥ ይደምረዋል! ሁሉም ከተዘለሉ ብቻ «ኖቴስትስ» (ምንም ቴስት አልሮጠም) ይላል፤ ጥቂቶቹ ሮጠው ካለፉ ግን ፓስ ነው።

ኤችቲቲፒ 2ም ሆነ ኤስኤስኤል (ግንኙነቱን የሚያመሰጥረው) ሰርቨሩን ስትሠራ ካልጠየቅካቸው አይገቡም። ስክሪፕታችን ሁለቱንም አልጠየቀም። እኔ የነካሁት ፋይል ጭራሽ ኮምፓይል አልተደረገም ማለት ነው። ባልደረባዬ «ስኪፕ የሚለው እኮ ስክሪኑ ላይ ነበር» አለኝ። ነበር፤ በዚያ ሁሉ «ኦኬ» መሃል! እስካሁን ያበግነኛል።

ሁለቱን ሞጁሎች ጨምሬ እንደገና ሠራሁት። ሜክ ዝባዝንኬውን አይቶ ጮኸ፤ ደስ አለኝ። አጠፋሁትና ቴስቱን አስኬድኩ። የኤችቲቲፒ 2 ቴስቶች ሮጡ፤ በኤስኤስኤል የሚሄዱት ግን አሁንም ተዘለሉ። በዚህኛው ዙር የጎደለው ሰርቨሩ ጋ ሳይሆን ፐርሉ ጋ ነው፦ የኤስኤስኤል ሶኬት ላይብረሪው አልተጫነም።

አሠራሩ የጎደለህን ዝለለው ነው። በትርፍ ሰዓቱ ለሚሞክር ሰው ይሁን። ኮድ ለሚለቅ ቡድን ግን አልቀበለውም። የተዘለሉትን ስም ፋይል ላይ አስቀምጥ፤ አዲስ ስም ከተጨመረ ቢልዱ ይውደቅ። የቢልድ ምርጫዎቹን ደግሞ ከምታሰማራው ሰርቨር ላይ ቅዳ፤ በትልቁ ቪ (-V) ስትጠይቀው ራሱ ይዘረዝርልሃል።

ቴስት ሲወድቅ «እስቲ ድገመው» የሚሉህን አትስማ። ጊዜያዊ ፎልደሩ እንዳይጠፋ የሚያደርግ ቫሪያብል አለ፤ የኤረር ሎጉን የሚያሳይም ሌላ አለ። የቴስቱ ላይብረሪ መጨረሻ ላይ ሎጉ ውስጥ «አለርት» ካገኘ መልሱ ትክክል ቢሆንም ይጥልሃል። ይህን አትናቀው። በትይዩ ማስኬድ ያፈጥናል፤ መጀመሪያ ግን በተራ ይለፍ።

ስክሪፕቱን ራሴ አስተካከልኩት። ባልደረባዬ የስኪፕ ዝርዝሩን «ትርፍ ሥራ» ይለዋል። በቅርቡ የፐርል ቨርዥን ሲቀየር የኤስኤስኤል ሶኬት ላይብረሪው ጠፍቶ ነበር፤ ቢልዱን ያስቆመው ያው ዝርዝር ነው።