ዱፋይ በጸሎቱ መሃል ስሙን አስገባ

ዩቲዩብ ላይ የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መዝሙር ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚመጣላችሁ «ለእንቅልፍ»፣ «ለጥናት»፣ «ለመረጋጋት» የሚል ነው። ሻማ፣ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን፣ ለሰዓታት የማይቋረጥ ድምፅ። እኔ ግን ይሄን ሙዚቃ የምወደው ስለሚያረጋጋኝ አይደለም። የፈራ ሰው ድምፅ ስለምሰማበት ነው።

የዜማ ደራሲው ጊዮም ዱፋይ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1397 አካባቢ ነው። ዛሬ ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ ባለችው ካምብሬ፣ በካቴድራሉ ከሚዘምሩት ልጆች አንዱ ሆኖ አደገ። ጣሊያን ሄዶ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት ዘማሪ ሆነ፤ በ1436 የፍሎረንስ ካቴድራል ሲባረክም የበዓሉን ዜማ የደረሰው እሱ ነው። በዘመኑ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ካምብሬ ተቀመጠ፣ እዚያም በ1460ዎቹ «አቬ ሬጂና ቼሎሩም» የሚለውን የእመቤታችንን ጸሎት ለአራት ድምፅ አዘጋጀው። «የሰማያት ንግሥት ሆይ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን» ማለት ነው። ጸሎቱ የቆየና ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ብዙ ሰው ዜማ ሠርቶለታል።

ዱፋይ ግን ከጸሎቱ ቃላት መሃል የራሱን ልመና አስገባ። «እየወደቀ ላለው ለዱፋይሽ እዘኚለት፣ ወደ ኃጢአተኞች እሳት እንዳይወርድ።» ስሙን ነው ያለው፣ በግልጽ፣ ዱፋይ ብሎ። (የእኛን የብራና ጸሎት መጻሕፍት ያየ ሰው ይሄ አይገርመውም፤ የባለቤቱ የክርስትና ስም ከጸሎቱ መሃል ተጽፎ ይገኛል።)

ልመናው ሲገባ ዜማው የሚያደርገውን ስሙት። እስከዚያ ድረስ ሙዚቃው ብሩህ ነው፣ ሁለት ድምፆች ከላይ እየተቀባበሉ ይሄዳሉ። ከዚያ «ሚዜሬሬ» ሲባል፣ ማለትም «እዘኚ» ሲል፣ አንዷ ኖታ በግማሽ እርከን ዝቅ ትልና ሜጀር የነበረው (ብሩህ የሚመስለው) ድንገት ማይነር ይሆናል (የሚያሳዝን የሚመስለው)። በቃ፣ ያቺ ብቻ ናት። ዛሬ በፊልም ሙዚቃ ላይ አልቅሱ ሲሉን ስንት ቫዮሊን ነው የሚደረደረው፤ እሱ በአንዲት ኖታ ጨረሰው። እኛ ማይነር ስንሰማ ሐዘን ነው ብለን የለመድን ስለሆንን ነው የሚነካን የሚል ሰው አለ። ሊሆን ይችላል። ግን ለውጡ የመጣው የገዛ ስሙን ሊጠራ ሲል ስለሆነ እኔ በአጋጣሚ ነው ብዬ አላምንም።

ይሄ ብቻ አይደለም። በ1474 በጻፈው ኑዛዜ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብዬ ነፍሴ ልትወጣ ስትል እንዲህ ይደረግልኝ ብሎ አዘዘ። ስምንት ሰዎች አልጋው አጠገብ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፤ ቀጥለው የካቴድራሉ ልጆች ከመምህራቸውና ከሁለት ሌሎች ሰዎች ጋር ይሄንኑ «አቬ ሬጂና» ይዘምሩለታል። እስቲ አስቡት። ልጅ ሆኖ በቆመበት ቦታ የሚቆሙ ልጆች፣ እሱ በጻፈላቸው ዜማ፣ ስሙን እየጠሩ ማሪው እያሉ ሊለምኑለት! ለሞቱ ሰዓት ብሎ ከዓመታት በፊት ያዘጋጀው ይመስለኛል።

አልሆነም። በዚያው ዓመት ኅዳር 27 ሲያርፍ (በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ጊዜው አልፈቀደም፤ የተዘመረለት ከሞተ በኋላ በፍትሐቱ ላይ ነው። ለሙታን የደረሰው ቅዳሴም ነበረው፣ እሱ ጭራሽ ጠፍቷል። ካቴድራሉም ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ፈርሷል። የመቃብሩ ድንጋይ ግን ተርፎ ሊል ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ።

«ለመረጋጋት» ብለው ሲያቀርቡት የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ቃሉን ካልሰማችሁ ይሄ ሁሉ ያልፋችኋል፣ የሚቀረው ደስ የሚል ጭጋግ ነው። እንደ እኔ ላቲን የማትችሉ ከሆነ ችግር የለም፣ ግጥሙን ከትርጉሙ ጋር ከፊታችሁ አድርጉና አንዴ አዳምጡ፤ ታግሣችሁ «ዱፋይ» የሚለውን ጠብቁ። አንዴ ከሰማችሁት በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ብትሰሙትም ይገኛችኋል።

ከወደዳችሁት በዚሁ ዜማ ላይ የሠራውን ቅዳሴ ቀጥሉበት። መጨረሻ ላይ፣ «አኙስ ዴይ» («የእግዚአብሔር በግ») የሚለው ክፍል ውስጥ፣ ያቺ የ«ሚዜሬሬ» ሙዚቃ እንዳለች ትመለሳለች፤ እዚያ ስሙ የለም፣ ግን ማን እንደሚለምን ታውቃላችሁ። ከዚያ ሌላው የዜማ ደራሲ ጆስካን ዴ ፕሬ በ1497 ለሞተው ለዜማ ደራሲው ለኦኬገም የደረሰውን ልቅሶ ስሙ። እዚያም ስም ይጠራል። ግጥሙ የዜማ ደራሲዎቹን ጆስካን፣ ብሩሜል፣ ፒየርሾን፣ ኮምፔር ብሎ ጠርቶ፣ የሐዘን ልብስ ልበሱ፣ አባታችሁን አጥታችኋል ይላቸዋል። የመጀመሪያው ስም የዜማው ደራሲ የራሱ ነው።