ነጭ ሽንኩርት መቼ ይተከል? ሚኒያፖሊስና ዋሽንግተን ዲሲ

ጓሯችሁ ሚኒሶታ ከሆነ ቀኑ ቀላል ነው፤ ከመስቀል ማግስት እስከ ኦክቶበር አጋማሽ፣ ቢዘገይ ሦስተኛው ሳምንት። ቲማቲምና ቃሪያውን የሚያጠቁረው የመጀመሪያው ውርጭ በሚኒያፖሊስ የሚወርደው በዚያው ሰሞን ነው። መሬቱ በረዶ ሆኖ እስኪጠጥር ድረስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ስለሚቀር ፍሬው ሥር ይሰዳል፣ ቅጠል ግን ብዙም አያወጣም። የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ዲሲ ላይ ውርጭ መጠበቅ ያሳስታል። ከከተማው ውጭ ዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ በኦክቶበር ሁለተኛ አጋማሽ ሲወርድ፣ ከተማው ውስጥ ግን ወንዙና ኮንክሪቱ ሙቀት ስለሚይዙ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ የአፈር ቴርሞሜትር ጠዋት ላይ 4 ኢንች አስገብታችሁ ለክሩ። ለተከታታይ ቀናት ከ55 ፋራናይት በታች ካሳየ ትከሉ። በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት ወር ማለት ነው፤ አጥንቱን ለሾርባ ስትፈልጉ ሽንኩርቱንም አትርሱ።

ቀድሞ የተተከለ ቅጠሉ ረዝሞ በክረምቱ ብርድ ይቃጠላል። የዘገየው ሥር ስላልያዘ አፈሩ በረዶ ሲሆንና ሲቀልጥ ወደ ላይ ይገፋዋል። በፀደይ የተተከለ ደግሞ በቂ ብርድ ስለማያገኝ ብዙ ጊዜ ሳይከፋፈል አንድ ድፍን ፍሬ ሆኖ ይቀራል።

የሽንኩርቱን ራስ የምትፈለፍሉት በተከላው ቀን ይሁን፤ ቀድሞ የተፈለፈለ ይደርቃል። ልጣጩን አትንኩ። ትልልቁን ለዘር፣ ትንንሹን ለድስት። ሾጣጣው ወደ ላይ፣ ጠፍጣፋው የሥር በኩል ወደ ታች፤ ከተገለበጠ ቡቃያው ዞሮ ለመውጣት ጉልበቱን ይጨርሳል፣ ራሱም ይጣመማል። ጥልቀቱ ዲሲ 2፣ ሚኒያፖሊስ 3 ኢንች ያህል፤ በፍሬዎቹ መሃል 6 ኢንች።

ከላይ ከ3 እስከ 4 ኢንች ጭድ አልብሱት። ድርቆሽ ግን አይሁን፣ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። ሚኒያፖሊስ ላይ ጭዱ የሚለብሰው መሬቱ በብርድ መጠጠር ሲጀምር ነው፤ አፈሩ ገና ሞቅ እያለ ከለበሰ አይጥ ይገባበታል።

ዘሩን ከሱፐርማርኬት አትግዙ። የሽንኩርት ነጭ አበስብስ በሽታ ይዞ ከመጣ አፈሩ ውስጥ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። ለሚኒሶታ ብርድ መሃሉ ላይ ጠንካራ ዘንግ ያለው ዓይነት ይሻላል።

በዲሴምበር አረንጓዴ ጫፍ ብቅ ቢል አትንቀሉት፤ ጫፉ ቢቃጠልም በፀደይ እንደገና ያድጋል።