ቡና ጠጡ

ልጄ ኦቲዝም አለው፤ ዓይን ለዓይን አለማየቱ ግን በእኛ አገር ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ ቆየ። ትልቅ ሰው ፊት አቀርቅሮ የሚቆም ልጅ «ጨዋ» ይባላል እንጂ ማን ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል? እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነገር ነበር፤ 2 ዓመት አልፎት እንኳን አውሮፕላን ሲያልፍ በጣቱ አሳይቶኝ አያውቅም። ወተት ሲያምረው እጄን ይዞ ወደ ማቀዝቀዣው ይጎትተኛል። ባለሙያዋ በኋላ እንዳስረዳችኝ፣ ሕፃን በጣቱ የሚያሳየው ነገሩን ስለፈለገ ብቻ አይደለም፤ ሌላው ሰው አብሮት እንዲያይለትም ነው። ጨዋታውም ወሬውም ከዚያ ይጀምራል።

አሁን 13 ዓመቱ ነው። ሰዎች እንደ ጉንፋን «ተሻለው?» ይሉኛል። አደገ እላለሁ።

እኔ ከሰፈር ልጆች ጋር ኳስ እንዲጫወት ስደክም፣ እርሱ ከሰው ጋር መዋልን የለመደው ከቡና ነው። ቡና ሥርዓት አለው፤ ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ ከአቦል በኋላ ቶና፣ ከዚያ በረካ። ቀጥሎ የሚመጣው አስቀድሞ ይታወቃል፤ ልጄን ደግሞ ድንገተኛ ነገር ያህል የሚያስጨንቀው የለም። መጀመሪያ ሥራው ፈንዲሻ ማዞር ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጎረቤት መጥራት መጣ። «እማዬ ቡና ጠጡ ብላለች» ይላል በእኔው ቅላፄ፣ በሩ ይከፈት አይከፈት ሳያይ። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ ቀን ብቻውን ተመለሰና «እትዬን አሟቸዋል» ብሎ ስኒያቸውን አነሣ፤ ሊወስድላቸው። ይህን ማንም አላስጠናውም።

ጎረቤቶችም ተምረዋል፤ ይህን ግን የሚቆጥርላቸው የለም። እትዬ ድሮ ይዘው ይስሙት ነበር። ያንን ትተው መዳፋቸውን ዘርግተው መጠበቅ ጀመሩ፤ ዛሬ እርሱ ቀድሞ ይስማቸዋል። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ በቀዳሚነት ያነሣው ሕፃን፣ ዶናልድ ትሪፕሌት፣ አድጎ አሜሪካ፣ ሚሲሲፒ ውስጥ በትውልድ ከተማው ባንክ ሠርቷል፤ ጎልፍ ተጫውቷል፤ በ2023 በ89 ዓመቱ አርፏል። ኦቲዝሙ አብሮት ኖረ፤ የከተማው ሰውም አብሮት ኖረ።

የዘንድሮው ጭንቀቴ ሌላ ነው። በስንት ልፋት የለመደው ጉንጭ መሳም ጺም ለሚያበቅል ጎረምሳ አያዋጣም። ባለፈው ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ወደተቀመጠች ተማሪ ጎንበስ ሲል ልጅቷ ክው አለች፤ እኔም አብሬያት። ስለዚህ ካርቶን ላይ ሥዕል እየሣልኩለት ነው፤ ለዘመድ ጉንጭ፣ ለጎረቤት እጅ፣ ለማያውቁት ሰው ራስን ዝቅ ማድረግ። ታናሽ እህቱ አይታው «ለመምህርስ?» አለችኝ። ለእርሱ ገና ቦታ እየፈለግሁ ነው።