ጨው ያለው ውሃ

ላንጋኖ በሄድን ቁጥር እማዬ አንድ ነገር ታደርጋለች። ጫማዋን ታወልቅና ውሃው ዳር ትቆማለች። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነክታ ትቀምሰዋለች። "ጨው የለውም" ትላለች። ከዚያ ተመልሳ ጥላ ስር ትቀመጣለች። ለዓመታት አይቻታለሁ። ዘንድሮ ግን አንጀቴን በላችው። "በቃ፣ ባሕር እንሄዳለን" አልኳት።

እማዬ ያደገችው አሰብ ነው። አያቴ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ሥራ ሲያገኝ ቤተሰቡን ይዞ ወረደ። ያኔ እሷ ሰባት ዓመቷ ነበር። በ1983 ዓ.ም. እኔን አዝላ ወጣች። ሁለት ዓመቴ ስለነበር ባሕሩን አላስታውሰውም። አሰብን የማውቃት በእማዬ ወሬ ብቻ ነው። ሙቀቱ ቤት ውስጥ አያስተኛም፤ ማታ ማታ አልጋ ወደ ግቢ ይወጣል። አፋርኛ የለመደችው ከሰፈር ልጆች ጋር ስትጫወት ነው። ሲመሽ ደግሞ ባሕሩ ለብ ይላል። ስለዚያ ለብ ያለ ውሃ ስታወራ ድምፅዋ ራሱ ይለወጣል።

አሰብ መሄድ አይቻልም። እና የት?

ልጄ ሳትውል ሳታድር ዛንዚባር አለች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፣ ስልኳ በዛንዚባር ፎቶ የተሞላ ነው። እውነትም ያምራል። ግን ሳነብ ፎቶዎቹ የማያሳዩትን ነገር አገኘሁ። በደሴቲቱ ምሥራቅ በኩል፣ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሸሻል። ውሃው ጋ ለመድረስ በእርጥብ አሸዋ ላይ ረጅም መንገድ መሄድ አለ። ሴቶቹ የባሕር አረም የሚያለሙት በዚያ ሰዓት ነው። በሰሜን፣ ኑንግዊ በኩል፣ ሽሽቱ ያን ያህል አይደለም። የእማዬ ጉልበት ግን ደህና አይደለም። እዚያ ወስጃት ባሕሩን ከሩቅ እንድታይ አልፈልግም።

ቀጥዬ ሞምባሳን አሰብኩ። ኬንያ ለመግባት እኛ ቪዛ አያስፈልገንም። ከሞምባሳ በስተደቡብ ያለው የዲያኒ ዳርቻ ከፊት ለፊቱ የኮራል ግድግዳ አለው፤ ትልቁን ሞገድ እዚያው ይሰብረዋል። ለአዛውንት የሚመች ውሃ ነው። በክረምት፣ ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ጊዜ፣ አየሩም አያቃጥልም። ልወስን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ለእማዬ ፎቶውን አሳየኋት። ዘንባባውን፣ ነጩን አሸዋ አየች። "ቆንጆ ነው" አለች፣ ልክ የሰው ሠርግ ቪዲዮ እንደምታይ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እስካሁን የመረጥኩት ለማን እንደሆነ አሰብኩ።

ጠዋት ቡና እየጠጣን ጅቡቲ አልኳት። ታጁራ የምትባል ከተማ አለች፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ጥንታዊ የአፋሮች ወደብ ናት አልኳት። ሲኒውን አስቀመጠች።

"የአፋሮቹ ታጁራ?"

"አዎ።"

"እዚያ እኮ አፋርኛ ይወራል።"

በቃ፣ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ያለው የወቅት ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ መሳሳት ያስከፍላል። ጅቡቲ በሐምሌና በነሐሴ አይኬድም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አቅሙ ያላቸው ጅቡቲዎች ራሳቸው በዚያ ወቅት ሸሽተው ወደ ድሬዳዋ ይወጣሉ። ስለዚህ በጥር፣ ለልጆች የግማሽ ዓመት እረፍት አደረግነው። ልጄ ኩርፊያዋን ያቆመችውም በዚሁ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር መጨረሻ ገደማ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይመጣል። ሰው አይነካም፤ ምግቡ በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። አሁን ዛንዚባርን አታነሳም።

ወጪው ቀላል አይደለም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ብራችን ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አምስት ቀን ብቻ። አውሮፕላኑን ትተን ባቡር እንይዛለን፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔ ደስ ብሎኛል። እማዬ ቆላው ቀስ እያለ ሲመጣ በመስኮት ታየዋለች። ከጅቡቲ ከተማ ባሕረ ሰላጤውን በመኪና ዞረን ታጁራ እንገባለን። መንገዱ ወደ አሳል ሐይቅ በሚያስገባው መገንጠያ ያልፋል። አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ነው፣ ዳርቻው ነጭ ጨው። እማዬ ስትቀምሰው ምን እንደምትል ለማየት ጓጉቻለሁ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አያትና የልጅ ልጅ ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ልጄ ስልኳን አስቀምጣለች። እማዬ ብርጭቆ አንስታ ታሳያታለች።

"ሌ" አለቻት። "ውሃ ማለት ነው። በይ፣ ሌ።"

"ሌ።"

"ረዘም አድርጊው።"