ከቡላ ጋር ያነጋሁት ሌሊት

ነሐሴ 8፣ ጅማ

ቡላ ዛሬ ጠዋት ጅራቱን ቆላልኝ። ሦስት ቀን ሙሉ የጠበቅኩት ይህንን ነበር። አሁን በረንዳው ላይ ጆንያው ውስጥ ተጠቅልሎ ዝናቡን ያያል። እኔም ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ደብተሬን አወጣሁ።

ቡላ የሦስት ወር ቡችላ ነው። ስሙ የወጣለት ከመልኩ ነው። ጅሬን አካባቢ ካለ የዘመድ ቤት ካመጣሁት ገና ወር አልሞላውም። ሲመጣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጎድኑ ግን ይቆጠር ነበር። ፀጉሩም ወዝ አልነበረውም። የሆድ ትል እንዳለበት ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

ነሐሴ 5 ቀን መድኃኒት ገዛሁለት፤ ፒራንቴልና ፕራዚኳንቴል የሚባሉ ሁለት የትል መድኃኒቶች አንድ ላይ ያሉበት ክኒን። የሸጠልኝ ሰው ኪሎውን አልጠየቀኝም። እኔም ኪሎውን አላውቀውም። «ለቡችላ አንዱ ይበቃዋል» አለኝ። አንዱን ሙሉ በዳቦ ጠቅልዬ አጎረስኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ገላገልኩት ብዬ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አስመለሰው። መጀመሪያ የበላው ወጣ፤ ከዚያ ቢጫ አረፋ። አራት ሰዓት ሲሆን ተቅማጡ ተከተለ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር በስልኬ ባትሪ ነው ያየሁት። ወለሉ ላይ የተቀቀለ ፓስታ የመሰሉ ነጫጭ ትሎች አሉ። አንዱ የመዳፌን ያህል ይረዝማል። ቀስ ብሎ ተጠቀለለ፤ መልሶ ተዘረጋ። በሕይወት አለ! ቡላ ጥግ ላይ ጀርባውን አጉብጦ ቆሞ ይንቀጠቀጣል።

መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛውን ክኒን ከመሳቢያው አውጥቼ በእጄ ይዤው ነበር። አሁን ሳስበው ሆዴ ይርበተበታል።

ያዳነን ግቢያችን ውስጥ የተከራየው ልጅ ነው። ግብርና ኮሌጅ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነው፤ የመጨረሻ ዓመቱ። መስኮቱን አንኳኳሁ። ጃኬቱን ደርቦ በነጠላ ጫማ ዝናቡን አቋርጦ መጣ። ክኒኑን ከእጄ ላይ ወሰደና እሽጉን አነበበ። «እህቴ፣ ይሄ አንዱ ለአሥር ኪሎ ውሻ ነው። ቡላ አምስት ይሞላል?»

ደነገጥኩ። እሱ ግን አረጋጋኝ። እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች ልካቸው ትንሽ ቢያልፍም ብዙ ጊዜ ከባድ ጉዳት አያደርሱም፤ ግን ሆድ ይረብሻሉ። ደግሞ ረብሻው ከመድኃኒቱ ብቻ አይደለም። ፒራንቴል ወስፋቱን ሽባ ያደርገዋል፤ ትሉ አንጀቱን መያዝ ያቅተውና ተጠራርጎ ይወጣል። ለዚህ ነው ሲንቀሳቀስ ያየሁት። ያ ሁሉ ትል በአንዴ ሲለቅ አንጀቱ ይቆጣል። መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ ሌላ ክኒን ግን እንዳትጨምሪ አለኝ።

ከዚያ እንዴት እንደሚታይ አሳየኝ። የቡላን ከንፈር ገልጦ ድዱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገው። ቦታው ነጣ፤ ሲለቀው ሁለት ሰከንድ እንኳን ሳይሞላ ሮዝ ሆነ። ደሙ ደህና ይዞራል አለኝ። ከትከሻው ላይ ቆዳውን ቆንጥጦ አነሳና ለቀቀው። ወዲያው ተመለሰ። ውኃ ቢያልቅበት ኖሮ ቆዳው እንደተነሳ ይቆይ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች በየሰዓቱ እንዳይ አዘዘኝ። ቀጥሎ የተናገረውን ደብተሬ ላይ እንዳለ አስፍሬዋለሁ፦ «ደም ካየሽ፣ ውኃው ራሱ ካልረጋለት፣ ድዱ ከነጣ፣ ስትጠሪው ካልተነሳ የትል ነው ብለሽ እንዳትተኚ። ክትባት ያልጨረሰ ቡችላ ፓርቮ የሚባለው ገዳይ የአንጀት በሽታም ሊይዘው ይችላል። ያኔ ዛሬ ነገ ሳትይ ሐኪም ቤት ነው።»

እናቴ በዚህ መሃል ነቅታ ነበር። «ነጭ ሽንኩርት በወተት አፍልተሽ ስጪው» አለች። እኛን ያሳደገችን በዚሁ ነው፤ ክፉ አላሰበችም። ልጁ በትሕትና መለሰላት፤ «እማማ፣ ሽንኩርት ነጩም ቀዩም የውሻን ደም ይጎዳል። ወተቱ ደግሞ ተቅማጡን ያብስበታል።» እናቴ እሺ ብላ ማሰሮውን መለሰች። ከሰው መድኃኒት ቤት የሚገዛውን ማስታገሻና ተቅማጥ ማቆሚያም ከለከለን። ፓራሲታሞልማ በፍጹም።

የቀረው ሥራ ኦአርኤስ፣ ያንን የተቅማጥ ጊዜ የጨውና የስኳር ብጥብጥ፣ ማጠጣት ብቻ ነበር። አንዱን ከረጢት አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት አንድ ሊትር ውኃ በጠበጥኩ። መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ አምስት ሚሊ ሊትር ቀዳሁ፤ በጉንጩ በኩል፣ ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ እንዳያንቀው። በየሩብ ሰዓቱ። ብዙ ከሰጠሁት ያስመልሰዋል፤ ስለዚህ ቢጠማውም እየሳሳሁ ነው የሰጠሁት። ለትልቅ ውሻ ምግብ ለአሥራ ሁለት ሰዓት ይከለከላል፤ ቡችላ ግን ስኳሩ ቶሎ ስለሚወርድ እንደዚያ አይራብም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰውነቱ ሲልፈሰፈስብኝ ድዱ ላይ ማር ቀባሁለት። ላሰው። ከጅሬን በኩል ጅብ ይጮሃል። ቡላ በሌላ ቀን ቢሆን ጆሮውን ያቆም ነበር፤ ያን ሌሊት ራሱን ጭኔ ላይ ጥሎ ዝም አለ። ሌሊት ሙሉ እጄ አንድ ነገር መጨመር ይፈልግ ነበር። መጠበቅ እንደዚህ እንደሚያደክም አላውቅም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል ውኃው ረጋለት።

ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ነገሩን ሰሙ። ለሶላታቸው ሲሉ ውሻ አይነኩም፤ ቡላም ወደ እሳቸው በር እንዳይሄድብኝ እጠብቀዋለሁ። ለወጥ ከታረደው ዶሮ ግን ደረቱን ሽንኩርት ሳይነካው ለይተው በሳህን ላኩልን። ፍልሰታ ስለሆነ እኛ ቤት ሥጋ የለም። እናቴ ሳህኑን ተቀብላ «ጾሙ የኛ እንጂ የቡላ አይደለም» አለችና ራሷ ቀቀለችው፤ ያለ ጨው፣ ያለ ዘይት፣ ያለ በርበሬ። ሁለት እጅ ሩዝ፣ አንድ እጅ ዶሮ። በቀን አምስት ጊዜ፣ በማንኪያ በማንኪያ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ነጋዴው ዘንድ ወሰድኩት። መጀመሪያ ባዶውን ቅርጫት መዘኑልኝ፤ ቀጥሎ ከነቡላ። አራት ኪሎ ተኩል። ሚዛኑ ከቤታችን ሁለት ደቂቃ አያስኬድም።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ግቢ አፈር ላይ ነው የሚጫወተው። የቡላ ወስፋት እንቁላሉ አፈር ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ከቆየ በኋላ ሰውንም ያጠቃል፤ ሕፃን ደግሞ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ስለዚህ ቡላ እንደተጸዳዳ ዓይነ ምድሩን ወዲያው በአካፋ አንስቼ ራቅ አድርጌ እቀብራለሁ፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠባለን። ከእናቱ ሆድ ሳለ የወሰደው ትል ነው፤ እሱ ምን አጠፋ?

ዛሬ ያወጣው ጠንከር ብሏል። ትል አልነበረበትም። ክኒኑ በሰውነቱ ውስጥ የሚዞሩትን ትናንሾቹን ስለማይነካ በሁለተኛው ሳምንት ይደገማል። ካላንደሩ ላይ ነሐሴ 19ን ከብቤ «ቡላ፤ መጀመሪያ ሚዛን» ብዬ ጻፍኩበት።

ሳህኑን በእግሩ እየገፋ ነው። ሩዙን ልየው።